የሐዋሳው ፋብሪካ በማን ሥርዓት ይሥራ?

የክርክሩ ጥያቄ (ተከራካሪዎቹ በብዕር ስም ይናገራሉ)፦ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ የውጭ ኩባንያዎች በብዙ አገር ቅርንጫፍ አላቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዘረጋ፣ የሐዋሳው ቅርንጫፍ እምቢ የማለት መብት ሊኖረው ይገባል?

ታቦር ሥር፦ በሚገባ ይገባዋል። የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን በአራት ይለየዋል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። የተላከልን ሥርዓት ያለው ግን ሁለት ሳጥን ብቻ ነው፦ የሥራ ቀንና የዕረፍት ቀን። ስለዚህ እውነተኛውን ሒሳብ በኤክሴል ሠርቼ ድምሩን ብቻ አስገባለሁ። ላይ ያሉት ደግሞ ቁጥሩን አይተው ፕሮጀክቱ ተሳክቷል ብለው ይጨበጨብላቸዋል። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ሊድል እንኳ ሳፕ የተባለው ድርጅት የሚሸጠውን የሒሳብና የክምችት ሶፍትዌር ሲሞክር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥሎታል።

የመጋዘን ሰው፦ እህቴ፣ ሊድልን ለምስክርነት ባይጠሩት ይሻልዎት ነበር። ሊድል ክምችቱን የሚመዘግበው በመግዣ ዋጋ ነበር፤ ሶፍትዌሩ የተሠራው በመሸጫ ዋጋ እንዲመዘግብ ነው። ኩባንያው ልማዴን አልለውጥም ስላለ ሶፍትዌሩን ለእሱ ልክ መቆራረጥ ተጀመረ፤ ሰባት ዓመት ገደማና 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በላ። የገደለው ያው እርስዎ የሚጠይቁት እምቢታ ነው። ኔስሌ የተባለው የምግብ ኩባንያ በአሜሪካ ያሉት ፋብሪካዎች ደግሞ ቫኒላን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መለያ ይመዘግቡ ስለነበር፣ ለአንድ አቅራቢ ለአንድ ዓይነት ዕቃ 29 የተለያየ ዋጋ ሲከፍሉ ማንም አላወቀም። እኛም ጋ አንድ ዓይነት ክር በሦስት መለያ ተመዝግቦ አግኝቻለሁ፤ መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ ግዢ ክፍል በስንት ልመና በተገኘ ዶላር ሌላ ሊያዝ ነበር።

አሞራ ገደል፦ መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ባሕር ማዶ ከሆነ፣ በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ እንደሆነው ቢሆን ምን ትሠራላችሁ? «ሲስተም የለም» እያልን ሠራተኛ የምንመልሰው እኛው ነን።

ታቦር ሥር፦ የመጋዘኑ ወንድሜ፣ ክሩን አንድ መለያ ይስጡት። ክር ባንግላዴሽም ሐዋሳም ያው ክር ነው፤ ደመወዝ ግን እዚህ የሚከፈለው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። በ2017 ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ ይስተካከልልኝ ብዬ ብጽፍ፣ ማሻሻያ የምንቀበለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው ተባልኩ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!

የቀድሞ የምርት ኃላፊ፦ ልጆቼ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዉትና ወጪውን ማን እንደሚሸከም ተመልከቱ። እንዲህ ባሉ ኩባንያዎች የየአገሩ ሥራ አስኪያጅ የሚመዘነው በራሱ ትርፍ ነው። የፕሮጀክቱ ክፍያ ከእሱ በጀት ይቆረጣል፤ ጥቅሙ የሚታየው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የወሩ የሸሚዝ ኮታ ግን አንድም አይቀነስለትም። ታዲያ ለሥልጠና የሚልከው ማንን ይመስላችኋል? ሥራ የፈታውን ነው! ጎበዟ ሠራተኛ ከመስመሩ ብትነሳ ምርት ይወርድበታል። ከውጭ የሚመጣው የፕሮጀክት ኃላፊም ሥራ አስኪያጁን ሊለምነው እንጂ ሊያዘው አይችልም። ስለዚህ ወጪውን ዋናው መሥሪያ ቤት ይሸከም፤ ሥርዓቱ በሚጀመርበት ወር ኮታው ዝቅ ይበል፤ ደመወዝ የምትሠራዋም ሁለቱ ሳጥኖች ከመሠራታቸው በፊት ትጠየቅ። እምቢታው በአገር ሕግ ላይ ብቻ ይወሰን፤ እምቢ ባዩም የአንቀጹን ቁጥር ይጥቀስ።

የመጋዘን ሰው፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን እምቢታው ትክክል ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ዋናው መሥሪያ ቤት ከሆነ ዞረን እዚያው ነን።

ታቦር ሥር፦ የሐዋሳው ሥራ አስኪያጅና የሕግ ክፍሉ ይፈርሙበት። ሠራተኛ ከስሶ ፍርድ ቤት ሲጠራ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።