አፕዴት ካላደረግክ አልከፍትም ያለኝ የሙዚቃ አፕ

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኛል። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። በየወሩ እየከፈልኩ የማዳምጥበት የሙዚቃ አፕ ትናንት ጠዋት «አፕዴት ካላደረጉ አይከፈትም» ብሎ ድርቅ አለ። ስልኬ አንድሮይድ 7 ነው። ፕሌይ ስቶር ስገባ ደግሞ ለዚህ ስልክ አይሆንም ይለኛል።

ያወረድኳቸው አምባሰልና ባቲዎች እዚያው ተቆልፈው ቀሩ። ፋይሎቹን ብፈልግ ስማቸው የማይነበብ ኮተት ብቻ ነው። አፑን ባጠፋው አብረው ስለሚጠፉ አልነካሁትም። ደንበኛው «ዛሬ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ክፍያው ግን በሰዓቱ ይቆረጣል፤ እሱ አፕዴት አይፈልግም!

የድሮውን ኤፒኬ (የአፑን መጫኛ ፋይል) ፈልጎ የጫነ አለ? ሰርቨሩ ይቀበለዋል ወይስ ያው ይመልሰኛል? በብሮውዘር መክፈትስ ያዋጣል? አዲስ ስልክ ግዛ ብቻ እንዳትሉኝ።