በአያቴ ፎቶግራፍ ላይ ያለው አውሮፕላን የጦር ነው ወይስ የሕዝብ?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

አያቴ በድሬዳዋና በኦጋዴን መካከል ጨርቃ ጨርቅና ስኳር ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። በቅርቡ ከሣጥናቸው ውስጥ በአውሮፕላን ተሳፍረው የተነሡት ፎቶግራፍ ተገኘ። መቀመጫው ወደ ፊት የዞረ ሳይሆን በግራና በቀኝ ግድግዳው ጥግ የተዘረጋ ረጅም አግዳሚ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸውም በገመድ የታሰረ ጆንያ ተደርድሯል። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ የጦር አውሮፕላን ነው ይላሉ፤ አያቴ ግን ወታደር ሆነው አያውቁም። ደግሞስ ባቡር የነበራት ከተማ ያን ያህል አውሮፕላን ለምን አስፈለጋት? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከሐረር፣ የታሪክ መምህር

ዘመዶችዎም እርስዎም አልተሳሳታችሁም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ 5 ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። እነዚህ ዲሲ-3 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድሞች በመሆናቸው ተጣጣፊ አግዳሚያቸው በግድግዳው ጥግ፣ የጭነቱ ቦታ ደግሞ በመካከል ነበር፤ ሰውና ዕቃም አብረው ይጓዙ ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ፤ ቀጥሎም የኤደን፣ የጅቡቲና የጅማ መስመሮች ተከፈቱ። እኔ ከሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለጅማ ነው፤ ምክንያቱም የድርጅቱ ዋና ጭንቀት ገና ከጅምሩ መንገድ ያልደረሰባቸውን የአገሪቱን ክፍሎች ከመዲናዋ ጋር ማገናኘት እንደነበረ በግልጽ ያሳያል።

ስለ ባቡሩ ላነሡት ጥያቄ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ቢደርስም የሚያገለግለው ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው አንድ መስመር ላይ ያሉትን ብቻ ነበር። የኦጋዴን ከተሞች የሆኑት ጎዴም ሆነ ቀብሪ ደሃር ከሐዲዱ በብዙ ቀን መንገድ ይርቃሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ባቡሩ ካቆመበት የሚቀጥል እንጂ የባቡሩ ተቀናቃኝ አልነበረም።

መልስ፦ ከድሬዳዋ፣ በጡረታ ላይ ያለ የጭነት ሠራተኛ

መምህራችን በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው ስለ ጫት ነው፤ ያለ ጫት የምሥራቁ በረራ ታሪክ ጎዶሎ ነውና። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ዋጋ የለውም፤ በመርከብ ቢላክ ጠውልጎ ይደርሳል። ከአወዳይ ገበያ የተገዛው የጫት እስር (ዙርባ) እርጥበቱ እንዳይጠፋ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርድና በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይሻገር ነበር። የኤደን የእንግሊዝ አስተዳደር በ1949 ዓ.ም. ጫት እንዳይገባ ከልክሎ በ1950 ዓ.ም. እገዳውን ማንሣቱ ንግዱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል።

ሌላው በድሬዳዋ በረራ ላይ የሚፈርደው ሙቀቱ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም ኃይላቸው ይቀንሳል፤ በዚያው ጭነት ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የቆላው ማረፊያዎች ደግሞ ተጠርጎ የተደለደለ አፈር ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የከበደ ጭነት ያለው አውሮፕላን በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ቢነሣ ይመረጣል። እኛም ጆንያውን አንድ በአንድ መዝነን ከባዱን ወደ ክንፉ አካባቢ እናስጠጋ ነበር፤ ወደ ጅራት የበዛ ጭነት ሚዛኑን ያዛባልና።

ጠያቂው፦

እናንተን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በፎቶግራፉ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ይመስላሉ፤ አያቴም በአንድ እጃቸው አግዳሚውን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። አውሮፕላኑ በመነሣት ላይ ሳለ የተነሣ ይሆን?

መልስ፦ ጡረተኛው የጭነት ሠራተኛ

አይደለም ልጄ፤ ገና መሬት ላይ ቆሞ ነው። የዚያ አውሮፕላን ትንሿ ጎማ ከጅራቱ ሥር ስለሆነች፣ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ያቀናል፤ ወለሉም ዳገት ይሆናል። ተሳፋሪው ከኋላ ባለው በር ገብቶ ሽቅብ እየወጣ ነበር የሚቀመጠው። በበረራ ላይማ ጅራቱ ስለሚነሣ ወለሉ ይስተካከላል። ጆንያው በገመድ የታሰረውም ወደ ጅራት እንዳይንሸራተት ነው። አያትዎ አግዳሚውን የያዙት ተዳፋቱ እንዳያንሸራትታቸው ይመስለኛል። የበሩ ብርሃን በምስሉ ላይ ከታየ፣ የሚመጣው ሰዎቹ ካዘነበሉበት ወገን መሆን አለበት፤ እስቲ ይመልከቱልኝ።

ጠያቂው፦

አሁን አየሁት። ብርሃኑ ከዚያው ወገን ነው፤ ከበሩ ሥርም የመሰላሉ ጫፍ ይታያል።