የቶዮታ ሞተሬ 4ኬ ነው ወይስ 5ኬ? ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ሳይፈታ እንዴት ልለይ?

መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ70፣ የ1982 ሞዴል ነው። ሊብሬው ላይ 4ኬ ይላል፤ ሞተሩ ግን ተቀይሮ የገባ ነው። ብሎኩ ላይ ከተመታው ቁጥር «ኬ» የምትለዋ ፊደል ትነበባለች፣ ከፊቷ ያለውን አሃዝ ዝገት በልቶታል።

ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ፣ የሞተሩ ሙቀት ጌጅ መሃል ላይ ይቆማል። የደንገጎን ዳገት ሲይዝ ግን ይወጣና ውሃ ይተፋል። ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ቴርሞስታቱና የውሃ ፓምፑ አዲስ ናቸው። ጋራዡ ቴስታታውን አስልጦ፣ የሲሊንደሩን ስፋት ሳይለካ፣ በሊብሬው መሠረት የ4ኬ ጋስኬት (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) አሰረበት። ችግሩ በአጭር ጊዜ ተመለሰ። አሁን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሳስነሳው ውስጡ አረፋ ይታያል። የሲሊንደሮቹ ኮምፕረሽን (የእመቃ ግፊት) 1ኛና 4ኛ 150፣ 2ኛና 3ኛ 105 ፒኤስአይ። የሁለቱ መሃለኞች ካንዴላ በእንፋሎት የታጠበ ይመስላል፤ ጋስኬቱ በመካከላቸው እንደተቃጠለ አልጠራጠርም።

የ4ኬ ሲሊንደር ስፋቱ 75፣ የ5ኬ 80.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ4ኬ ጋስኬት 5ኬ ላይ ከታሰረ ቀለበቱ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እሳት ይበላዋል። በካንዴላ ቀዳዳ የፒስተኑን ምት መለካትም አይረዳም፣ የሁለቱም 73 ነው። የሲሊንደሮቹ የተኩስ ቅደም ተከተልም በሁለቱ 1-3-4-2 ስለሆነ አይለያቸውም።

ትክክለኛውን ጋስኬት አስቀድሜ ገዝቼ ቴስታታውን አንዴ ብቻ ማስፈታት እፈልጋለሁ። እነዚህን ሞተሮች የፈታችሁ፣ 5ኬን ከ4ኬ ከውጭ የሚለየው የትኛው ምልክት ነው?