ዋና በደንብ ለማይችል ሰው የራፍቲንግ ጉዞ፦ ከመመዝገቤ በፊት አዘጋጁን ምን ልጠይቅ?

አዲስ ተጓዥ፦

ሰላም ለሁላችሁ፤

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከተራራ በሚወርድ ወንዝ ላይ የግማሽ ቀን የራፍቲንግ (በጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝ የመውረድ) ጉዞ ለማድረግ አቅደናል። ጉዞው በሠለጠነ መሪ የሚካሄድ ሲሆን፣ በአንድ የጎማ ጀልባ ስድስት ተሳፋሪዎችና አንድ መሪ እንደሚሆኑ ተነግሮናል። አዘጋጁ ድርጅት ወንዙ «ደረጃ 3» እንደሆነ፣ የቀደመ ልምድ እንደማያስፈልግና ዋና አለመቻልም ከጉዞው እንደማያስቀር በመግለጫው አስፍሯል። የእኔ የዋና ችሎታ በረጋ ገንዳ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በጭንቅ ከመድረስ አያልፍም። የተመረጠው ቀን ደግሞ የተራራው በረዶ በብዛት በሚቀልጥበት ወቅት ላይ ስለሚውል፣ ውሃው የበዛና የቀዘቀዘ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ባልደረቦቼ «በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ከለበስሽ ምን ያስፈራሻል?» ይሉኛል። እኔ ግን መፍራትም ሆነ አለመፍራት የምፈልገው በምክንያት ነው። ስለዚህ «ደረጃ 3» የሚለው አገላለጽ እንደ እኔ ላለ ሰው በተግባር ምን ማለት እንደሆነ፣ አዘጋጁን ምን መጠየቅ እንደሚገባኝ፣ ከጀልባው ብወድቅስ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መቅዘፊያ፦

ወቅቱን ከደረጃው ጋር አያይዘው ማንሳትዎ ተገቢ ነው። በመሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ተጓዦች የወንዙን ደረጃ አጥብቀው ሲጠይቁ አይቻለሁ፤ የዕለቱን የውሃ መጠን፣ ቅዝቃዜውን፣ ከፈጣኑ ስፍራ (ውሃው በኃይል ከሚወርድበት ቦታ) በታች ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ፈጣን ውሃን ከ1 እስከ 6 ይመድባል። ደረጃ 1 ትንንሽ ሞገዶች ብቻ ያሉበት ነው፤ ደረጃ 6 ደግሞ እጅግ የተካኑ ቀዛፊዎች እንኳ ከስንት አንዴ ካልሆነ የማይሞክሩት ነው። (በአሜሪካ ግራንድ ካንየን በተባለው ሸለቆ የሚያልፈው የኮሎራዶ ወንዝ በልማድ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የራሱ መለኪያ ስለሚመደብ፣ ቁጥር ሲጠቀስ የየትኛው መለኪያ እንደሆነ ማጣራት አይከፋም።) ደረጃ 3 መካከለኛና ወጥነት የሌላቸው ሞገዶች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ እንዲሁም ጀልባውን በወቅቱ ማዞርን የሚጠይቁ ቦታዎች ያሉበት ነው። የመለኪያው ማብራሪያ በዚህ ደረጃ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚጎዳው አልፎ አልፎ እንደሆነ፣ ራሱን ማዳንም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል እንደሆነ ይገልጻል፤ ረጅም ርቀት በውሃው እንዳይወሰድ ግን የቡድኑ እርዳታ ሊያስፈልገው እንደሚችል ይጨምራል። ልብ ሊሉት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ራሱን ያድናል» ሲባል ሰውየው ወደ ዳር መዋኘት እንደሚችል ታሳቢ ተደርጓል። ይህ ታሳቢ ለእርስዎ የማይሠራ ከሆነ፣ ያው ደረጃ 3 ለእርስዎ ሌላ ወንዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ቁጥሩ የሚሰጠው ለተወሰነ የውሃ መጠን መሆኑ ነው። የወንዝ ፍሰት በሴኮንድ በሚያልፈው ኪዩቢክ ሜትር ይለካል፤ መጠኑ ሲጨምር አንዳንድ ፈጣን ስፍራዎች ድንጋዮቻቸው ተሸፍነው የሚለዝቡ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን ከነበሩበት በአንድ ደረጃና ከዚያም በላይ ይከብዳሉ። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ በሰው አካል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በአራት እጥፍ ስለሚጨምር፣ ከዳር ሆነው ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ለውጥ ውሃው ውስጥ ላለ ሰው ትንሽ አይደለም። ከበረዶ የሚመነጭ ወንዝ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥም ይለዋወጣል። ቀን በፀሐይ የቀለጠው ውሃ ጉዞ ስለሚፈጅበት፣ ወንዙ ከፍ የሚለው እንደ ርቀቱ ከሰዓት በኋላ፣ ማምሻውን ወይም ሌሊት ሊሆን ይችላል። ወንዙ ግድብ ያለበት ከሆነ መጠኑን የሚወስነው የግድቡ አለቃቀቅ ነው፤ ከግድብ ሥር የሚለቀቅ ውሃ በሞቃት ወቅትም ቢሆን ቀዝቃዛ ሊሆን እንደሚችል ይገንዘቡ።

ሦስተኛውንና በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ እንዲህ ብለው ያቅርቡት፦ «ከከባዱ ስፍራ ላይ ሰው ቢወድቅ፣ ከዚያ በታች ምን ይጠብቀዋል?» ከቪክቶሪያ ፏፏቴ በታች ያለው የዛምቤዚ ሸለቆ በውስጡ ደረጃ 5 የሆኑ ስፍራዎች አሉት፤ ሆኖም ውሃው ሞቃት ነው፣ ከብዙዎቹ ፈጣን ስፍራዎች በኋላም የወደቁትን ለመሰብሰብ ጊዜ የሚሰጥ ጥልቅና የረጋ ውሃ ይገኛል። (አዞ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው።) በአንጻሩ ደረጃ 3 የተባለ፣ ያለ ማቋረጥ የሚወርድ፣ ከበረዶ ገና የቀለጠ ወንዝ ላይ የወደቀ ደካማ ዋናተኛ የባሰ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

ጤና አዳም፦

በቅዝቃዜው ላይ ጥቂት ልጨምር፤ የወንዝ ደረጃዎችን ማብራሪያ የሚያሳትመው አሜሪካን ዋይትዋተር የተባለው ማኅበርም ቀደም ሲል ባወጣው የደኅንነት መመሪያ፣ የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም በታች ከሆነ ወንዙ በአንድ ደረጃ እንደከበደ እንዲቆጠር መክሮ ነበር።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሰውነት ቀስ በቀስ መቀዝቀዙን ነው፤ ቀድሞ የሚመጣው አደጋ ግን የትንፋሽ ድንጋጤ ነው። ሰውነት ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲጠልቅ ሰውየው ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ትንፋሹ ይፈጥናል። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ሞገድ ፊቱን በሸፈነበት ቅጽበት ከሆነ ውሃ ይስባል። የካናዳው ተመራማሪ ጎርደን ጊስብረክት ይህንን «1-10-1» በሚል አጠር አድርገው አስተምረዋል፦ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ ያህል፣ እጅና እግሩን በሚገባ ለማንቀሳቀስ 10 ደቂቃ ያህል፣ ከቅዝቃዜ የተነሣ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ዋነኛው ሥራዎ መተንፈስ ነው፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ባለው ዝቅታ አየር ይሳቡ፣ የሞገዱ ጫፍ ሲመጣ አፍዎን ይዝጉ።

ልብስን በተመለከተ፣ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ስለሚወስድ፣ ውሃ ይዞ የሚቆየውን የጥጥ ልብስ አይልበሱ። በበረዶ ውሃ ላይ አዘጋጁ ዌትሱት (ኒዮፕሪን ከተባለ አረፋማ ጎማ የተሠራ ጠባብ ልብስ) ወይም ውሃ የማያስገባውን ድራይሱት ሊያቀርብ ይገባል። ዌትሱት ሙቀት የሚይዘው በኒዮፕሪኑ ውፍረትና በሰውነትና በልብሱ መካከል የሚገባውን ስስ ውሃ በማቆየት ስለሆነ፣ ሰፊ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ትከሻው የመውለቅ ታሪክ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መሄድ የለበትም።

ማዕበል ወዳድ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም ጠያቂዋን ከሚገባው በላይ እንዳያሸብር እሰጋለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ከጀልባ የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከጀልባው አጠገብ ነው፤ በጀልባው ዙሪያ የተዘረጋውን ገመድ ከያዘ በሴኮንዶች ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የሚያወጣው ሰው እጁን ወይም ራስ ቁሩን ሳይሆን የላይፍ ጃኬቱን ሁለት ትከሻዎች ይዞ፣ ራሱን ወደ ኋላ እየጣለ ይስበዋል። ክብደት ሳይሆን ዘዴ ስለሚወስነው ቀጭን ሰው ወፍራሙን ሲያወጣ ማየት የተለመደ ነው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አለመውደቅ ይቻላል። ጀማሪ ሞገድ ሲያይ መቅዘፉን ያቆምና ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ነው ሚዛኑን የሚያጣው። እግርዎን በጀልባው ወለል ላይ ባለው መያዣ ውስጥ ወይም ከፊትዎ ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን በሚያቋርጠው ጎማ ሥር ይሰኩ፤ መሪው «ቅዘፉ» ሲል ወደ ፊት ጎንበስ ብለው መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ይክተቱ። ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ ራሱ ድጋፍ ነው። በሌላ እጅዎ የመቅዘፊያውን የላይኛውን እጀታ አይልቀቁ፤ የጎረቤትን ጥርስ የሚሰብረው እሱ ነውና። ዋና የማይችሉ ሰዎች በደስታ ሲመለሱ ስላየሁ፣ ላይፍ ጃኬቱን አምኖ መሄድ ይቻላል ባይ ነኝ።

መቅዘፊያ፦

ስለ አቀማመጡና ስለ አወጣጡ ከማዕበል ወዳድ ጋር እስማማለሁ፤ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ግን አልስማማም። ላይፍ ጃኬት ሰውን ወደ ላይ ያነሣል እንጂ ወደ ዳር አይወስድም። ከዚህም በላይ የሚሠራው በልክ ሲታሰር ብቻ ነው፦ ሁሉም ማሰሪያዎች ከጠበቁ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻዎቹን ይዞ ወደ ላይ ሲጎትት ጃኬቱ ወደ አገጭ የሚወጣ ከሆነ ይጥበቅ፣ አልያም ይቀየር።

አዲስ ተጓዥ፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር አልጠራልኝም። አንደኛ፣ ውሃው ወገቤ ድረስ ብቻ ከሆነ ለምን ተነሥቼ አልቆምም? ሁለተኛ፣ በጉዞው መካከል አንዱን ስፍራ ማለፍ ባልፈልግ የቡድኑን ጉዞ ማደናቀፍ ይሆንብኛል ወይ?

መቅዘፊያ፦

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ምናልባት ከሁሉም አስፈላጊው ነው። በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመቆም ሲሞከር እግር በድንጋዮች መካከል ይቀረቀራል፤ ውሃው ገላን ወደ ፊት ይገፋና ሰውየው በፊቱ ይደፋል፣ ግፊቱም ቀና እንዲል አይፈቅድለትም። ለዚህ ጥልቅ ውሃ አያስፈልግም፤ ወገብ የሚደርስ ውሃ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ከጉልበት በታች እስኪሆን ወይም ፈጽሞ እስኪረጋ ድረስ አይቁሙ። በጀርባዎ ተንጋልለው፣ እግርዎን ወደሚወርዱበት አቅጣጫ ዘርግተው፣ የጣቶችዎን ጫፍ ከውሃው በላይ አድርገው ይንሳፈፉ፤ ድንጋይ ሲመጣ በእግርዎ ይግፉት። መሪው ወደ አንድ ዳር እየጠቆመ «ዋኝ» ካለ ግን ተገልብጠው በደረትዎ ባለ በሌለ ኃይልዎ ወደዚያ ይዋኙ። መሪ የሚጠቁመው መሄድ ወዳለብዎት አቅጣጫ እንጂ ወደ አደጋው አይደለም።

ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ እንደ ወንፊት ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል። መጀመሪያ ከእሱ ለመራቅ ይዋኙ፤ ማምለጥ ካልቻሉ ግን እግርዎን አስቀድመው እንዳይገቡበት። ተገልብጠው ጭንቅላትዎን አስቀድመው በፍጥነት ቀርበው ግንዱ ላይ በሆድዎ ለመውጣት ይታገሉ።

ከዳር የተወረወረልዎትን ገመድ ሲይዙ ገመዱ የታጨቀበትን ከረጢት ሳይሆን ገመዱን ይያዙ፤ በእጅዎ ላይ ፈጽሞ አይጠቅልሉት። ወደ ደረትዎ አስጠግተው፣ ከዳሩ ራቅ ባለው ትከሻዎ ላይ አሳልፈው በጀርባዎ ይተኙ፤ ውሃው ራሱ ወደ ዳር ያወዛውዝዎታል። ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ደመ ነፍስ ከድንጋዩ ሽሽ ይላል፤ ትክክለኛው ግን መሪው ሲያዝ ሁሉም ወደ ድንጋዩ በኩል ዘሎ መደገፉ ነው፤ አለዚያ ውሃው በሌላው ጎን ገብቶ ጀልባውን ይገለብጠዋል።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ማደናቀፍ አይደለም። በብዙ ወንዞች ከባዱን ስፍራ በዳር በእግር ማለፍ ይቻላል፤ መሪዎች ራሳቸው ወርደው ውሃውን አይተው ጉዞውን በዳር ሲያዞሩ ይታያሉ። ነገር ግን ዳሩ ገደል የሆነበት ወንዝ ስላለ፣ የትኞቹን ስፍራዎች በእግር ማለፍ እንደሚቻል አስቀድመው ይጠይቁ። በተጨማሪም መሪው ብቻ በረጃጅም መቅዘፊያዎች የሚቆጣጠረው ጀልባ ካላቸው ያስቡበት፤ ተሳፋሪው እጁ ነፃ ስለሆነ ገመዱን ይዞ ይቀመጣል። መሪዎቹ በዓለም አቀፉ የራፍቲንግ ፌዴሬሽን ወይም በአገሩ በሚታወቅ ሥርዓት የምስክር ወረቀት እንዳላቸው፣ የፈጣን ውሃ ነፍስ አድን ሥልጠና ወስደው እንደሆነ፣ የወደቁትን የሚከተል ካያክ (ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ) ወይም ሁለተኛ ጀልባ መኖሩን መጠየቅም ነውር የለውም። ለእንደ እርስዎ ያለ ተጓዥ አንድ ጀልባ ብቻውን የሚወርድበትን ጉዞ እኔ አልመክርም።

አዲስ ተጓዥ፦

አዘጋጁን ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። ሁለት ጀልባዎችና አንድ ካያክ አብረው እንደሚወርዱ፣ ድራይሱት እንደማያቀርቡ ዌትሱት ግን እንዳለ፣ ከስፍራዎቹም ሁለቱን ከባዶች በእግር ማለፍ እንደሚቻል በዝርዝር ነግረውኛል። በተመረጠው ቀን ስለሚጠበቀው የውሃ መጠን ስጠይቅ ግን «ምንም አያስቸግርም» ከማለት ያለፈ ቁጥር አልሰጡኝም። ለባልደረቦቼ አስረድቼ ጉዞውን ውሃው ወደሚቀንስበት ወቅት ልናዛውር ተስማምተናል።

መቅዘፊያ፦

መልካም ውሳኔ ነው። በአዲሱ ቀን ዋዜማም ደውለው የዕለቱን መጠን ይጠይቁ፤ ተከታታይ ሞቃት ቀናት ወይም ከላይ የጣለ ዝናብ በወቅቱ የማይጠበቅ ውሃ ሊያመጣ ይችላል። መሪያቸው ጉዞውን የሚሰርዝበት የተወሰነ የውሃ መጠን ካለው ይንገርዎት፤ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ መሪ ወንዙን የሚለካ መሪ ነው።

ጤና አዳም፦

መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ በማሰሪያ ይሰሩት፤ ጫማውም ከእግር የማይወልቅ፣ ተረከዝን የሚሸፍን ይሁን።