የአባቴ ጣፊያ ከአንጀቱ ጋር ተያይዟል ተባልን

የሐይቋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ግራ ጎኑ ሲያብጥ ወባ መስሎን ከረምን። እኛ ጋ ጣፊያ አበጠ ከተባለ ወባ ነው የሚባለው። ደሴ ወስደነው ናሙና ሲመረመር ሊምፎማ የሚባል የንፍፊት ካንሰር ሆነ። ሁለተኛውን ኬሞ እንደወሰደ ትኩሳት ያዘው፤ ሰገራውም ደም ቀላቀለ። ሲቲ ስካን ሲነሳ ጣፊያው ውስጥ አየር ታየ። «ትልቁ አንጀት ወደ ጣፊያው ተበስቷል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» አሉን። ኬሞው ጥሩ እየሠራ ነው ብለውን አልነበር እንዴ? አጎቴ ደግሞ «ቢላ አይነካውም» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ነጭ ጋዋን፦
አብሽሪ እህቴ። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ፤ እኔም ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ግራ የሚያጋባው ኬሞው ስለሠራም ሊበሳ መቻሉ ነው። ትልቁ አንጀት የሚታጠፈው ጣፊያው ሥር ነው። ዕጢው የሁለቱንም ግድግዳ ይበላና እዚያው ተወትፎ ይቀመጣል። ኬሞ ሲያሟሟው ውታፉ ይነሳል፤ ቀዳዳው ይቀራል። ከዚያ የአንጀት አየርና ጀርም ጣፊያ ውስጥ ገብቶ መግል ይቋጥራል። ትኩሳቱም ከዚህ ሊሆን ይችላል። የጣፊያው ደም ደግሞ ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ድንገት ከበረታ አደገኛ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጣፊያውና የተበሳው የአንጀት ክፍል አብረው ይወጣሉ። አንጀቱ ወዲያው ይቀጠል ወይስ ሰገራ ለጊዜው በሆዳቸው በኩል በከረጢት ይውጣ የሚለው ግን ሆዳቸው ሲከፈት ነው የሚለየው። አባትሽ ሲነቁ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ደግሞ ሆዳቸውን አላመማቸውም ብላችሁ አትዘናጉ። ከኬሞው ጋር ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሕመሙን ይሸፍነዋል።

የኮምቦልቻው፦
እኔ በመኪና አደጋ ጣፊያዬ ወጥቷል። ሰፈር ውስጥ «ጣፊያ የለሹ» ነው የምባለው፤ ለምጄዋለሁ። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ጠይቁ። ጊዜ ካለ ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም በኋላ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ትኩሳት ከመጣ «እስኪ ይደር» የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ወባም ጣፊያ በሌለው ሰው ላይ ይከፋል። ቆላ ዘመድ ጥየቃ ስወርድ አጎበሬን ተሸክሜ ነው፤ ይስቁብኛል።

የሐይቋ ልጅ፦
ጀዛኩሙላህ። ለአጎቴ አነበብኩለት፤ ብዙ ዝም አለ። ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ ተብለናል። «አንዱ እኔ ነኝ» ብሎ ጋቢውን አንስቶ ወጣ።