«ብሎሰም ኢንቱ» ለሰው ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አለቃዬ ዓመታዊ ግምገማዬ ላይ በእንግሊዝኛ «ብሎሰምድ ኢንቱ ኤ ኮንፊደንት ሊደር» (አብባ በራሷ የምትተማመን መሪ ሆነች እንደማለት) ብላ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ማታ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በፊት ምንም አልነበርሽም ማለቷ ይሆን? ስብሰባ ላይ ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነበርኩ፣ አልክድም። ለእናቴ ደግሞ «አበበች ብላ ጻፈችልኝ» ልላት ስል የጎረቤት ስም መሰለብኝ።

መልስ 1፦
ሃሃ፣ ስሙ ገደለኝ! አይዞሽ፣ ሙገሳ ነው። ብሎሰም ብቻውን ማበብ ነው። «ኢንቱ» ሲጨመርበት ወደ ምን እንደተለወጥሽ ይናገራል። ስለዚህ ከኋላው ስም ይፈልጋል፤ ቅጽል ብቻውን አይበቃውም። «ኢንቱ ኤ ሊደር» ይባላል፣ «ኢንቱ ኮንፊደንት» ግን አይባልም። እኔ ይህን ስቼ ፈተና ላይ ነጥብ ተቀንሶብኛል።

መልስ 2፦
ለሰው ብቻም አይደለም። ጓደኝነት ወደ ፍቅር ሲለወጥም ይሉታል። ግን ለመልካም ለውጥ ነው። ሌባ ለሆነ ሰው እንዲህ የሚል ካለ እያሾፈ ነው። «በፊት ምንም አልነበርሽም» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። አበባ ከእንቡጥ ነው የሚወጣው። እንቡጡ ድሮም ነበረ ማለቷ ነው።

መልስ 3፦
ለእናትሽ «ተፍታታሁ» በያት። «በሰልኩ»ም ያስኬዳል፣ ግን ዕድሜ ዕድሜ ይሸታል።

ጠያቂዋ፦
«ተፍታታሁ»ን ወሰድኩ! እናቴ «ድሮስ ማን አስሮሽ ነበር?» አለችኝ።