በሚያዝያ ሙቀት ወደ ጀማ ሸለቆ በእግር ለምትወርዱ፦ የመንገድ መሪ፣ የጭነትና የስንቅ ጥቆማ

ከፋሲካ በኋላ በሰሜን ሸዋ ካለችው ከለሚ ከተማ አፋፍ ተነሥታችሁ ወደ ጀማ ወንዝ በእግር ለመውረድ ስላሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን በምን ላይ ብታውሉት እንደሚሻል ጠይቃችኋል። ከውድ ጫማና ከውጭ አገር ቦርሳ በፊት ለአካባቢው መንገድ መሪና ለጭነት አህያ እንድትከፍሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ቁልቁለቱን ማንም ጤነኛ ሰው ይወርደዋል፤ ጉልበት የሚከዳው ውሃ ካለቀ በኋላ አቀበቱ ሲጀመር ነው።

አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ሲሆን ወንዙ የሚፈሰው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ ጧት ጋቢ ደርበው የተነሡ ሰዎች ረፋድ ላይ ሌላ አገር የገቡ ያህል ይሰማቸዋል። ከቀትር በኋላም ቋጥኙ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋ ከጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ነፋስ እንኳ ቢነሣ ትኩስ ነው።

ስለ መንገድ መሪ፦ ሁለት አማራጭ አላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚነሡ አስጎብኚ ድርጅቶች መኪናውን፣ ድንኳኑንና ምግቡን አጠቃልለው ስለሚያቀርቡ ጊዜ ለሌለው ሰው ይመቻሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚያውቁት በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን የመኪና መንገድና ወፍ ተመልካቾች የሚቆሙበትን ስፍራ ነው። በበጋ የትኛው ምንጭ እንደሚደርቅና የትኛው የእግር መንገድ በክረምቱ ናዳ እንደተቆረጠ የሚያውቀው ከብቱን ውሃ ሊያጠጣ በየቀኑ የሚወርደው የአካባቢው ገበሬ ነው። ስለዚህ ከድርጅት ጋር ብትሄዱም እንኳ ከአፋፉ ቀበሌ አንድ ሰው እንዲጨመር በውላችሁ አስገቡ። የአካባቢው ፀጥታ ሲለዋወጥ የቆየ በመሆኑ፣ ጉዞውን ከመወሰናችሁ በፊት የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር መጠየቅ ግዴታ ነው፤ «አይሆንም» ከተባላችሁም አትከራከሩ።

ለጭነት አህያን ከበቅሎ አስበልጣለሁ። በቅሎ የደከመን ሰው ተሸክማ ስለምታወጣ አረጋዊ አብሯችሁ ካለ ተመራጭ ናት፤ ለውሃና ለድንኳን ግን አህያ ይበቃል፤ ኪራዩም ይቀላል። ሒሳቡን፣ የነጂውን ስንቅና አዳሩን ጨምሮ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ምስክር ባለበት ጨርሱ። ጭነቱ ሲታሰር ጄሪካኖቹ በግራና በቀኝ እኩል መመዘናቸውን አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ጭነት በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የእንስሳዋን ጀርባ ይልጣል።

ውሃን በተመለከተ ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር መያዝ አለበት፤ ይህም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። ሃይላንድ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ፀሐይ ላይ ውሃው ወዲያው ይሞቃል፤ ድንጋይ ላይ ሲወድቅም ይሰነጠቃል። እኔ በጨርቅ የተለበጠውን የወታደር ኮዳ እመርጣለሁ፤ ጨርቁን አርጥባችሁ ጥላ ውስጥ ብታንጠለጥሉት እርጥበቱ ሲተን ውስጡ ያለውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ዋናውን ክምችት ግን አህያዋ ላይ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጫኑት። የወንዙን ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ። ምንጩ ጥርት ያለ ከሆነ ውሃ አጋር የተባለው የክሎሪን ፈሳሽ ይበቃል፤ ለድፍርስ ውሃ ግን ቢሻንጋሪ የተባለው የውሃ ማጣሪያ ዱቄት ይሻላል፤ ዱቄቱ ደለሉን ወደ ታች ስለሚያዘቅጠው በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ሁለቱም ሥራቸውን እስኪጨርሱ 30 ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል፤ መጠኑንም ከማሸጊያው ላይ አንብቡ።

ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ላብ ያወጣ ሰው ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ ቢያንቆረቁር ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ፣ ማለትም አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ዱቄት፣ በየቦርሳው ይኑር፤ ከጠፋም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሙልት ሳይደረግ ልክ ለልክ ሰፍሮ መበጥበጥ ይቻላል። ለስንቅ በሶን የሚያህል አላገኘሁም። በሙቀት አይበላሽም፤ እሳት አይፈልግም፤ የምግብ ፍላጎት በጠፋበት ሰዓት ጨው ጣል ተደርጎበት ተበጥብጦ ይጠጣል። ቆሎ ለመንገድ ጥሩ ቢሆንም አፍ ሲደርቅ አይዋጥም፤ ብስኩትም እንዲሁ ነው።

ጫማ ላይ ብዙ አልቆይም። ከመርካቶ የሚገዛው ከስክስ ቁርጭምጭሚትን ይይዛል፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ እግርንም ያፍናል። ሸራ ጫማ ሶሉ ስስ ስለሆነ የቋጥኙን ስለት ያሳልፋል። አስቀድሞ የተለመደ፣ ሶሉ የሚነክስ ቀላል የስፖርት ጫማ ከሁለቱም ይሻላል። ኮንጎ ጫማ ለወንዝ መሻገሪያ ብቻ ይያዝ። ባርኔጣችሁ ጠርዘ ሰፊ፣ ልብሳችሁም እጀ ረጅም ይሁን፤ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበት የሚያሳርፍ ጠንካራ ዱላም አትርሱ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ጧት 12 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጥላ ውስጥ ግቡ፤ እስከ 10 ሰዓት ድረስም አትንቀሳቀሱ። በዚያው ቀን ልውጣ ማለት ሌሊቱን በገደል ላይ ማሳለፍን ስለሚያስከትል አዳር አዘጋጁ። ማደሪያችሁ ወንዙ ዳር ሳይሆን ከፍ ብሎ መንደር ያለበት እርከን ይሁን፤ አካባቢው የወባ ቀጠና ስለሆነ አጎበር ያስፈልጋል፤ ደራሽ ውሃም ከደጋው በዘነበ ዝናብ ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። አቀበቱን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጀምሩት። ከመካከላችሁ ላቡ የቆመ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ካለ ጉዞው ወዲያው ይቁም፤ ሰውዬው ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ልብሱ ይላላ፤ ገላው በውሃ እየተነከረ ይራገብ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ለእርዳታ ይላክ።

ጉዞውን ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ማዛወር ከቻላችሁ ግን ያንን አስቀድሙ፤ ያኔ ምንጮቹ ውሃ አላቸው፤ ሙቀቱም ይቻላል። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ብቻ ያላችሁ ሰዎች ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ደብረ ሊባኖስ ሂዱ። ከፖርቱጋል ድልድይ አጠገብ ካለው አፋፍ ጭላዳዎቹን እያያችሁ፣ ወደ ቆላው ሳትወርዱ ሸለቆውን ማየት ትችላላችሁ።